ከወረቀቱ ግርጌ የነበረችው መስመር

ሥራ የጀመርሁት ሰኞ ጧት ነው። ኮልፌ ውስጥ የአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት አጥር ተደግፎ በቆመ የቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ መሪጌታ ቢረሳው የሚባሉ አቤቱታ ጸሐፊ አንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ በጫማቸው ጫፍ ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ተቀመጥ፤ ነገር ግን አትመቻች» አሉኝ። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ እጄ የደረሰበትን ሁሉ አንብቤ፣ ለእንጀራ የሚሆን ሙያ ግን አንድም አልያዝሁም ነበር።

በጠረጴዛው ላይ የነበረውን ዛሬም አልረሳውም፦ አንዲት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና፣ ካርቦን ወረቀት፣ ለጣት አሻራ የሚያገለግል በቀለም የራሰ ሰፍነግ፣ ቴምብር የሚቀመጥበት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ፣ አባሪ ወረቀት የሚሰፋበት ወስፌና ክር። መሪጌታ አስቀድመው ያስተማሩኝ ግን ስለ ዕቃው አልነበረም።

«አቤቱታ እንደ ሰው አካል አለው» አሉኝ። «ራሱ የባለሥልጣኑ ማዕርግ ነው፤ አንዲት ቃል ብታጐድል አንገቱን ቀላኸው። ደረቱ የተፈጸመው ነገር ነው። እጁ የሚጠየቀው ዳኝነት ነው። ጉልበቱስ?»

«አላውቅም፣ መሪጌታ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ መጽሐፍ ምን ብለህ አነበብኸው? ጉልበቱ መንበርከኪያው ነዋ!»

ጉልበት የተባለችው በአቤቱታው ግርጌ የምትጻፍ አንዲት መስመር ነበረች፦ «አውቀንም ሆነ ሳናውቅ ላጠፋነው ጥፋት በአባትነትዎ ምሕረት ይደረግልን።» ርስት የተነጠቀ ይህችን ይጽፋል፤ ከሥራ የተባረረ ይህችን ይጽፋል፤ ጐረቤት አጥሩን የገፋበትም እንዲሁ። ያን ዕለት መስመሯን ሃያ ጊዜ አስጻፉኝ። ተበዳይ ስለ ምን ጥፋት ምሕረት እንደሚለምን ብጠይቃቸው፣ «ሹም ፊት ቀጥ ብሎ የሚቆም ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ እርሱም ይቆረጣል» አሉኝ።

ሁለተኛው ትምህርት ንባብ ነበር። ጽፈን ስንጨርስ ከራስ እስከ ግርጌ ለባለጉዳዩ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነባለን፤ «ቃሌ ነው» ሲል ብቻ አሻራውን እንወስዳለን። ይህን ደንብ መሪጌታ አንድም ቀን አላፈረሱትም።

በሦስተኛው ዓመቴ እኔ ራሴ ለሙያው አንድ ነገር ጨመርሁ። ከአስኮም ከሳንሱሲም የሚመጣው ባለጉዳይ በዝቶ ስለ ነበር፣ ጧት ጧት ችሎት ከመሰየሙ በፊት፣ በባዶ ወረቀቶች ግርጌ ላይ ጉልበቲቱን አስቀድሜ በመኪና መምታት ጀመርሁ። ባለጉዳዩ ሲመጣ ከላይ ያለውን ብቻ መሙላት ነው። መሪጌታ ቁልሉን አይተው «ራስ ሳይኖረው የሚንበረከክ ፍጡር ዛሬ አየሁ» ብለው ሣቁ፤ ጊዜ ስለ ቈጠበላቸው ግን አልተቃወሙኝም። በፈጠራዬ እኰራ ነበር።

በዚያው ወራት በዕረፍት ሰዓቴ የማነበው ሌላ ነገር ነበር። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉን ከአንድ ጡረታ ከወጡ ጠበቃ ተውሼ በእጄ ገልብጬዋለሁ። ፖሊስ የያዘውን ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ማቅረብ እንዳለበት በዚያ ተጽፎአል። ከእርሱ ጐን፣ የዓለም መንግሥታት በአንድ ሸንጎ ተሰብስበው ያጸደቁትን የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ገልብጬአለሁ። ማንም በዘፈቀደ እንዳይያዝ፣ ማንም እንዳይሰቃይ፣ ጥፋቱ በግልጽ ችሎት እስኪረጋገጥ ድረስ ማንም እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር ይላል፤ አገራችንም ድምፅ ሰጥታበታለች። ሁለቱን በአንድ ደብተር፣ አንዱን በቀኝ ገጽ፣ አንዱን በግራ ገጽ ይዤ እዞር ነበር። ከወረቀቶቼ ግርጌ ግን ጉልበቲቱ ተጽፋለች። ሁለቱ እንደማይስማሙ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።

በዚያ ዓመት በመሀል ከተማ ሕዝብ በሚበዛበት ቦታ ፈንጂ ፈነዳ፤ ሰዎችም ቈሰሉ። ከዚያ ወዲያ «ሽብር» የሚለው ቃል በየጣቢያው መዝገብ ላይ እንደ ማኅተም ያለ ማመንታት ይመታ ጀመር። ሦስት ሰው ሆኖ መንገድ ዳር የቆመ ተጠረጠረ፤ እድሩን የሰበሰበ ተጠረጠረ። እኛም ዳስ ሥር ሆነን ሥራችን ሲበዛ አየን።

ሐሙስ ጧት ወይዘሮ ሙሉነሽ መጡ። ባለቤታቸው አቶ ላምቦሬ ከከምባታ መጥተው ኮልፌ ከከተሙ ሃያ ዓመት ያለፋቸው የኮረሪማና የዝንጅብል ነጋዴ ናቸው። ባልና ሚስቱ በጐረቤት ቤት ተሰብስበው ከሚጸልዩት፣ ሰፈሩ «ጴንጤ» እያለ ከሚሰድባቸው ምእመናን ወገን ነበሩ።

«ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ፤ ባሌን ወሰዱብኝ» አሉኝ።

«ማን ወሰዳቸው?»

«ፖሊስ ነዋ። ሳንሱሲ ጸሎት ላይ ሳለን ገቡና እርሱንና አራት ወንድሞችን ወሰዱ። ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው።»

«ምን አደረጉ ተባለ?»

«ፈንጂ አሉ። የእኔ ባል ምስማር ሲመታ እንኳ የራሱን ጣት ነው የሚመታው፤ ፈንጂ የት ያውቃል!»

መሪጌታ ከጥጋቸው ሆነው «ጴንጤ ናችሁ?» ሲሉ ጠየቁ።

«የጌታ ልጆች ነን፣ አባቴ።»

«እኛስ የማን ልጆች ሆነን ቀረን?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ተገኘ የተባለው ማስረጃ አንድ ደብተር ነበር። በውስጡ ስምና ሰዓት፣ ስምና ሰዓት ተጽፎበታል። ምእመናኑ ጸሎቱ ቀኑን ሙሉ እንዳይቋረጥ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ሰዓት ተከፋፍለዋል፤ የጣቢያው ሹም የሆነው ሻምበል ግን «የዘብ ተራ ነው፤ ምስጢራዊ ማኅበር አላቸው» ብሎአል። አቶ ላምቦሬ በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ አንድም ዳኛ አላዩም።

አርባ ስምንት ሰዓት ማለፉን በአቤቱታው ደረት ላይ ጻፍሁ። ዳኛው ታሳሪውን አስቀርቦ እንዲያይ በእጁ ላይ ጻፍሁ። የጻፍሁበት ወረቀት ግን ጧት ካዘጋጀኋቸው አንዱ ነበር። ማንበብ ጀመርሁ፤ ከግርጌ ስደርስ ወይዘሮ ሙሉነሽ አቋረጡኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። ምን አጠፋን?»

«ደንብ ነው፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ።»

«የምን ደንብ? እኛ እኮ አላጠፋንም።»

«ለዳኛው አክብሮት ነው። የሁሉም ሰው አቤቱታ በዚህ ይጨረሳል።»

ወረቀቱን ትክ ብለው አዩት፤ ማንበብ አይችሉም ነበር። «እንግዲህ የተማርኸው አንተ ነህ» አሉና አውራ ጣታቸውን በሰፍነጉ ላይ ጫኑ። ሌላ ንጹሕ ወረቀት ከመሳቢያዬ ለማውጣት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅብኝም ነበር። አላወጣሁም።

አቤቱታው በማግሥቱ ተሰማ። እኔ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሻምበሉ ቀርቦ፣ ታሳሪው የተያዘው ገና ትናንት መሆኑን፣ ነገሩም የሽብር ምርመራ ስለ ሆነ ሊቀርብ እንደማይገባው አስረዳ። ቀጥሎም ጣቱን ወደ ወረቀቱ ዘረጋ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኛ የምንለውን ሚስቱ ራሷ ጽፋልናለች። ከግርጌ ያለውን ይመልከቱልኝ።»

ዳኛው መስመሯን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበባት። ከዚያ «ይህ አሻራ የእርስዎ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«አዎን፣ ጌታዬ።»

«ሲጻፍ ተነብቦልዎታል?»

«ተነብቦልኛል።»

«ያጠፋነው ጥፋት ብለዋል። የትኛው ጥፋት ነው?»

ወይዘሮ ሙሉነሽ ዘወር ብለው እኔን ፈለጉ። ፍርድ ቤቱ ታሳሪውን ሳያይ ለፖሊስ የዐሥራ አራት ቀን የምርመራ ጊዜ ሰጠ።

ደጅ ስንወጣ ጠበቅኋቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኹም።

«ደንብ ነው ብለኸኝ ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም «ትናንት ከጣቢያው የተፈታ አንድ ሰው ቤቴ መጥቶ ነበር። ላምቦሬ በእግሩ አይቆምም ይላል። የውስጥ እግሩን ነው አሉ የሚመቱት። ዐሥራ አራት ቀን አይቆይልኝም» አሉ።

ወደ ዳስ ገብቼ በግርጌያቸው የተመቱትን ወረቀቶች ቁልል ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ።

«የት ልትወስደው ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ጉልበቲቱን ከእንግዲህ አልጽፋትም።»

«ለጴንጤ ብለህ?»

«ላልተፈረደበት ሰው ሁሉ ብዬ።»

«ፈንጂ ላፈነዳም?»

«ላፈነዳም፣ መሪጌታ። ማፈንዳቱን የሚያውቀው ችሎት እንጂ ጣቢያ አይደለም። ከተፈረደበትም ወዲያ ቢሆን ውስጥ እግሩን ይግረፉት የሚል ሕግ የለም።»

«የቈሰሉትስ? መብት መብት ስትል ለእነርሱ አልተረፋቸውም?»

«ያቈሰላቸው ሰው እንዲያዝላቸው መብታቸው ነው። በእርሱ ፈንታ የኮረሪማ ነጋዴ ቢታሰርላቸው ግን ሁለተኛ ተበደሉ እንጂ አልተካሱም።»

«ሊቀ ሊቃውንት!» አሉ እያሾፉ። «እስኪ ይህን ለሻምበሉ ንገረው።»

በዚህ ጊዜ ማለት ያልነበረብኝን ተናገርሁ። «መሪጌታ፣ በየካቲት ዐሥራ ሁለት ቦምብ የወረወሩት ስንት ሰዎች ነበሩ?»

እጃቸው በጽሕፈት መኪናዋ ላይ ቀረ። በዚያ ዕለት ጠላት ለተወረወረበት ቦምብ ከተማውን ሁሉ በበቀል ሲፈጅ፣ ድጓ ይማር የነበረ ታናሽ ወንድማቸው ከመንገድ ተይዞ ሳይመለስ መቅረቱን ኮልፌ ሁሉ ያውቃል። እርሳቸው ግን አንሥተውት አያውቁም።

«ወንድምዎ ወርውሮ ነበር?» አልኋቸው።

«ውጣ» አሉኝ። ወጣሁ።

በማግሥቱ የምባረር መስሎኝ አርፍጄ መጣሁ። መሪጌታ መኪናዋን ወደ ጐን ገፍተው፣ የራሳቸውን ብዕርና የቀለም ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አሰናድተው ነበር። ቀና ብለው ሳያዩኝ እንዲህ አሉ፦

«የእጅ ጽሑፌ በከፍተኛው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይታወቃል። አንተ ንገረኝ፤ እኔ እጽፋለሁ። ጉልበት የሌለው አቤቱታ እንዴት እንደሚቆም እስኪ ልየው።»

የጻፍነው አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ነበር። ይህ ዐይነቱ አቤቱታ፣ አንድን ሰው የያዘው ባለሥልጣን ሰውየውን በአካል ችሎት አቅርቦ በምን ሕግ እንደ ያዘው እንዲናገር ያስገድደዋል። በቀኝ ገጼ ካለው የአገራችንን ሕግ፣ በግራ ገጼ ካለው የዓለሙን ቃል ኪዳን ጠቀስሁ። አንድ ነገር ግን ጐደለን። ሻምበሉ ሰውየውን የያዝሁት ከችሎቱ በፊት በነበረው ቀን ነው ብሎአል፤ በጣቢያው መዝገብም የሰፈረው ያው ይሆናል። እኛ ዐሥራ አንድ ቀን ሆኖታል ስንል በምን እናስረዳ?

ወይዘሮ ሙሉነሽን አስጠርቼ ጠየቅኋቸው። «አብረዋችሁ የነበሩት ይመስክሩ» አልኋቸው።

«እነርሱም ጴንጤ ናቸው። ማን ያምናቸዋል?»

«ሌላ ማስረጃ?»

ከቀሚሳቸው ኪስ አንድ ቋጠሮ ጨርቅ አውጥተው ፈቱ። በውስጡ የተቀዳደዱ የካርቶን ቁራጮች ነበሩ፤ ቈጠርኋቸው፤ ዐሥራ አንድ ናቸው። በየአንዳንዳቸው ላይ «ላምቦሬ» የሚል ስም፣ ቀን፣ ፊርማም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታሳሪ ቤተ ሰብ ስንቅ ሲያቀብል፣ የምሳ ዕቃው ከሌላው እንዳይምታታ ስም የተጻፈበት ካርቶን ይታሰርበታል። በር ላይ ያለው ተረኛ ምግቡን ፈትሾ ሲያሳልፍ ቀኑን ጽፎ ይፈርምበታል፤ ውስጥ ያለው ዘብ እንደገና እንዳይፈትሽ ነው። ማታ ባዶው ዕቃ ከነካርቶኑ ይመለሳል። ካርቶኑን ሁሉም ሰው ይጥለዋል። እኔም በሥራዬ ዘመን ስንቱን መሬት ላይ ወድቆ ረግጬው አልፌአለሁ።

«ይህን ስለ ምን አስቀመጡት?» አልኋቸው።

«ነጋዴ አይደለሁ?» አሉ እንደ መገረም ብለው። «ጆንያ ካገር ቤት ሲመጣ ምልክት ታስሮበት ይመጣል። ጆንያው ተራግፎ እስኪያልቅ ምልክቱ አይጣልም። ባሌ ገና አልወጣም፤ ምልክቱን እንዴት እጥላለሁ?»

መሪጌታ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ስንለፈልፍ ማስረጃውን ኪስሽ ውስጥ ይዘሽ ነው የተቀመጥሽው?»

«ማንም አልጠየቀኝ፣ አባቴ።»

ወስፌውን አንሥቼ ዐሥራ አንዱን ካርቶን በቀን ተራቸው ከአቤቱታው ጋር ሰፋኋቸው። ከራስ እስከ መጨረሻ አነበብሁላቸው። የመጨረሻው ቃል «ባለቤቴ በአካል ቀርቦ እንዲታይ ይታዘዝልኝ» የሚል ነበር። ከዚያ በታች ወረቀቱ ባዶ ነው።

«አለቀ?» አሉ።

«አለቀ።»

«ቃሌ ነው» አሉና አሻራቸውን አኖሩ።

የአቤቱታው ግልባጭ ለጣቢያው በደረሰ ማግሥት አንድ ፖሊስ ዳስ ድረስ መጥቶ ወሰደኝ። ሻምበሉ ጠረጴዛው ላይ ግልባጩን ዘርግቶ ይጠብቀኝ ነበር፤ ስንቅ የሚፈትሸው ሃምሳ አለቃም ከበሩ አጠገብ ቆሞአል።

«አንተ ጠበቃ ነህ?» አለኝ ሻምበሉ።

«አይደለሁም። ጸሐፊ ነኝ።»

«ጸሐፊ የታዘዘውን ይጽፋል።»

«የታዘዝሁትን ነው የጻፍሁት። ያዘዙኝ ባለጉዳይዋ ናቸው።»

«ሰው በፈንጂ ሲበጣጠስ አንተ ሕግ ትጠቅሳለህ። ደግሞ የዓለም ሕግ! ዓለም ኮልፌ ድረስ መጥቶ ሊያስፈታህ ነው?»

«ዓለም እንደማይመጣ አውቃለሁ፣ ሻምበል። ዱሮም አልመጣም። ጠላት በወረረን ጊዜ ግን መንግሥታችን በዓለም ሸንጎ ፊት ቆሞ ሕግ ይከበርልን ብሎ ጮኾአል። ያንኑ ሕግ እዚህ ግቢ ውስጥ ከካድነው ያን ጊዜ የጮኽነው ለታይታ ነበር ማለት ነው።»

«ወሬህ የራዲዮ ነው» አለና ባዶ ወረቀት ወረወረልኝ። «ተሳስቼ ነው፣ ይቅርታ ይደረግልኝ ብለህ ጻፍ። ከግርጌም እንደምታውቀው አድርገህ ጨርስ። መቼም እጅህ ለምዶታል።»

ይህን ሲል ሣቀ። የተናገረው እውነት ነበር፤ እጄ ለምዶት ነበር። ወረቀቱን አነሣሁና ስሜን፣ ወደ ጣቢያው የገባሁበትን ሰዓት፣ የተያዝሁበት ምክንያት ያልተነገረኝ መሆኑን ጻፍሁ። አንብቦ ቀደደው። ሌላ ሰጠኝ፤ ያንኑ ጻፍሁ። ያንንም ቀደደው።

«የገባሁበት ሰዓት በመዝገብ ይስፈርልኝ» አልሁ።

ሃምሳ አለቃው ሣቁን ለመዋጥ ጢሙን አሻሸ። «ሻምበል፣ ሰዓቱ ይመዝገብ ነው የሚለው። ልመዝግበው?»

«ዝም በል አንተ!»

ከምሳ በፊት ጀምሮ እስከ ዐሥር ሰዓት በግድግዳው ሥር አስቆመኝ። አልክደውም፤ እጅግ ፈርቼ ነበር። ነገር ግን ሦስተኛውን ወረቀት ሲሰጠኝም የጻፍሁት ያንኑ ነው። በመጨረሻ «ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ዳስህን አፈርሰዋለሁ» ብሎ አሰናበተኝ።

የከፍተኛው ፍርድ ቤት ችሎት በተሰየመ ዕለት ሻምበሉ ቀድሞ የተናገረውን ደገመ፤ ታሳሪው የተያዘው በወረዳው ችሎት ዋዜማ ነው አለ። ሰብሳቢው ዳኛ የተሰፉትን ካርቶኖች አንድ በአንድ ገለጡ። ቀና ሲሉም «ይህ ፊርማ የማን ነው?» አሉ።

ሃምሳ አለቃው ወደ ፊት ወጣ። ሻምበሉን አየ፤ ካርቶኑን አየ።

«የእኔ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሁሉም?»

«ሰባቱ የእኔ ናቸው። አራቱ የተለዋጬ ናቸው።»

«ያልታሰረ ሰው ስንቅ ታሳልፋለህ?»

አዳራሹ ሣቀ። ሃምሳ አለቃው አልሣቀም። «አላሳልፍም፣ ጌታዬ» አለ። ይህችን መልስ መናገሩ ምን እንደሚያስከፍለው ያውቅ ነበር፤ ከፍሎባታልም፤ ከወር በኋላ ወደ ሩቅ ጠረፍ ተዛወረ።

ዳኛው ታሳሪው በማግሥቱ ጧት በአካል እንዲቀርብ አዘዙ። አቶ ላምቦሬን ሁለት ፖሊሶች ብብታቸውን ይዘው አስገቧቸው። «ይቁሙ» ሲባሉ ለመቆም ሞከሩ፤ ግን አልቻሉም። ወይዘሮ ሙሉነሽ አጠገቤ ነበሩ፤ ነጠላቸውን ነከሱ።

«ተቀምጠው ይናገሩ» አሉ ዳኛው። ደብተሩን ከፍተውም «ይህ ስምና ሰዓት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የጸሎት ተራ ነው፣ ጌታዬ።»

«ስለ ምን ትጸልያላችሁ?»

«ስለ አገር። ስለ ታመሙ። ስለ ነጋዴ፣ ስለ ዳኛ።»

«ስለ ፖሊስስ?»

አቶ ላምቦሬ ጥቂት ዐሰቡ። «የፖሊስ ሰዓት የእኔ ነበር» አሉ።

በዚያ ችሎት ማንም አልሣቀም። ዳኛው ሻምበሉን ከደብተሩ በቀር ምን ማስረጃ እንዳለው ጠየቁት፤ ምርመራው አላለቀም አለ። ሰውን ዳኛ ሳያየው ይዞ ማቆየትን የሚፈቅድ የትኛው ሕግ እንደ ሆነ ጠየቁት፤ የጊዜው ሁኔታ ነው አለ። «የጊዜው ሁኔታ በነጋሪት ጋዜጣ አልታወጀም» አሉና አቶ ላምቦሬንና አብረው የተያዙትን አራት ሰዎች በዚያው ዕለት ለቀቁአቸው።

ነገሩ በዚህ አማረ ብዬ ልጨርሰው አልችልም። አቶ ላምቦሬ ዛሬም ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው ነው የሚሸጡት፤ ቀኝ እግራቸው አልዳነም። ስለ ግርፋቱ ያቀረብነው ክስ መዝገቡ ጠፋ ተብሎ ቀረ። ሻምበሉ በዓመቱ ማዕርግ ጨመረ። ፈንጂውን ያፈነዳው ማን እንደ ሆነ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሲፈለግ የቆየበት ጊዜ ሁሉ ኮረሪማ ነጋዴ በመግረፍ አልፎአልና።

ዳሱም ፈረሰ። በአንድ ቀን ውስጥ አንሡ የሚል ወረቀት መጣ፤ እኛም ጠረጴዛውን ተሸክመን መንገዱን ተሻገርንና በአውቶቡሱ ፌርማታ አጠገብ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ተከልነው። ባለጉዳዩ ተከትሎን ተሻገረ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ «መሪጌታ፣ የዱሮዋን የምሕረት ቃል ለምን አይጽፉልኝም?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ «ጉልበቴን ሪህ ይዞታል፤ አልንበረከክም» ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ ከእርሳቸው ጋር ተነጋግረን አናውቅም።

በግርጌያቸው የተመቱትን ወረቀቶች ለወይዘሮ ሙሉነሽ ሰጠኋቸው፤ እየቀደዱ ኮረሪማ ጠቀለሉባቸው። ለብዙ ወራት በኮልፌ ኮረሪማ የገዛ ሁሉ ላላጠፋው ጥፋት ምሕረት የምትለምንለትን መስመር ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር፤ እዚያም ፈትቶ እሳት ውስጥ ይጥላታል።

በሙያው ሰባት ዓመት ሆነኝ። አዲስ ለሚገቡ ባልደረቦቼ የምነግራቸው አጭር ነው። ያልተፈረደበትን ሰው ስለ ጥፋቱ ምሕረት አታስለምኑ፤ የተከሰሰበት ነገር የቱንም ያህል የሚያስፈራ ቢሆን። የተያዘበትን ቀን የሚያሳይ ነገር ካገኛችሁ፣ የካርቶን ቁራጭም ቢሆን፣ ከአቤቱታው ጋር ስፉት። ጧት ሥራ ስትጀምሩም ወረቀታችሁ ከራስ እስከ ግርጌ ባዶ ይሁን።